የሳቅ ቅርስ፦ ከባስተር ኪተን ባቡር እስከ ባሮ ዳርቻ

ለጋምቤላ ከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው መቶ ዓመት ገደማ ስላስቆጠረ አንድ የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም ነው። ፊልሙ «ጄኔራሉ» ይባላል። ያዘጋጀውም መሪ ተዋናይ ሆኖ የተጫወተውም ባስተር ኪተን ነው። ፊልሙ ድምፅ አልባ ነው። ተዋንያኑ ሲነጋገሩ አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃላቸው አይሰማም፤ ተመልካቹ የግድ ማወቅ ያለበት ነገር ሲኖር ብቻ በጽሑፍ ይወጣል። እንዲህም ሆኖ አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖውና ኮሞው፣ ከሌላው የአገራችን ክፍል መጥቶ እዚህ የከተመውም ጭምር፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ እኩል ሊስቅበት የሚችል ፊልም ነው።

የመጣሁት ግን ፊልሙን ላወድስ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ ይህ ግን አለ። የጠፉት ለምን ጠፉ? የተረፉትስ ማን ስላስቀመጣቸው ተረፉ? ይህን በሚገባ ከመረመርን በባሮ ዳር፣ በዚሁ በእኛ ክልል ስለተቀረጹት ምስሎች ምን ማድረግ እንዳለብን እንረዳለን። የእኔን መልስ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ፊልም ዕድሜ የሚያገኘው ቅጂው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ሲቀመጥ፣ የሚያስቀምጠውም ሰው ዋጋ እንዳለው አምኖ ሲይዘው ነው። ያ ሰው የግድ የትልቅ ከተማ ወይም የትልቅ ድርጅት ሰው መሆን የለበትም።

ባቡሩና ነጂው

የፊልሙ ታሪክ መነሻው እውነተኛ ድርጊት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1862፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ የሰሜኑ ወገን ሰርጎ ገቦች በጆርጂያ ግዛት «ጄኔራል» የተባለ ባቡር ሰርቀው ሸሹ፤ የደቡብ ሰዎችም እግር በእግር ተከተሏቸው። ኪተን ይህን ማሳደድ ወስዶ ጆኒ ግሬይ የሚባል ባቡር ነጂ ፈጠረ። ጆኒ በዚህ ዓለም የሚወዳቸው ሁለት ናቸው፤ ባቡሩና አናቤል ሊ የምትባል ልጃገረድ። ጦርነቱ ሲነሣ ሊዘምት ይሄዳል። ሹሞቹ በነጂነቱ ይበልጥ ይጠቅመናል ብለው ምክንያቱን ሳይነግሩት ይመልሱታል። ልጅቷ ደግሞ ፈርቶ የቀረ መስሏት ፊቷን ታዞርበታለች።

እዚህ ላይ የኪተንን ሥራ ምንነት የሚያሳይ አንድ ትዕይንት አለ። ጆኒ ክው ብሎ የባቡሩን መንኮራኩሮች በሚያያይዘው ረጅም የብረት ዘንግ ላይ ቁጭ ይላል። ባቡሩ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ዘንጉ ሰውየውን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ወደ ታች ያወርደዋል፣ መልሶ ያነሣዋል። እሱ በትካዜ ስለሰመጠ አልታወቀውም፤ የሚባንነው ባቡሩ ወደ ማቆሚያው ቤት ሊገባ ሲል ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በእውነተኛ ባቡር ላይ ነው። ነጂው እንፋሎቱን ትንሽ አብዝቶ ለቅቆ መንኮራኩሩ ባለበት ቢሾር ኖሮ ኪተን በሕይወት ባልወረደ ነበር።

ሌላም ልጨምር። በኋላ የጆኒን ባቡር የሰረቁት የሰሜን ሰዎች፣ በሌላ ባቡር የሚከተላቸውን ጆኒን ለማደናቀፍ ሐዲዱ ላይ ወፋፍራም እንጨት እየጣሉ ይሄዳሉ። ጆኒ አንዱን እንጨት አንሥቶ እንደታቀፈ፣ ከባቡሩ ፊት ለፊት ባለው እንቅፋት መጥረጊያ ብረት ላይ ወድቋል። ወደፊት ሲመለከት ሌላ እንጨት ሐዲዱን አቋርጦ ተጋድሟል። ባቡሩ እየሄደ ነው፤ የሚያስቆመው ሰው የለም። ጆኒ የታቀፈውን እንጨት ከፍ አድርጎ የተጋደመውን ጫፉ ላይ ይመታዋል፤ ሁለቱም ተስፈንጥረው ከሐዲዱ ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ኪተን ፊቱ ላይ ፈገግታ አይታይም። ተመልካቹን የሚያስቀው፣ ሰውየው ችግሩን ከልቡ ይዞት መፍትሔ መፈለጉ ነው።

ፊልሙ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1926 በኦሪገን ግዛት፣ ኮቴጅ ግሮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። የታወቀው ትዕይንት አንድ እውነተኛ ባቡር በእሳት ከተያያዘ ድልድይ ላይ ወደ ወንዝ ሲወድቅ የሚያሳየው ነው። ለዚያ አንድ ትዕይንት ወደ 42,000 ዶላር እንደወጣ ይነገራል፤ በድምፅ አልባው ዘመን ውዱ ትዕይንትም ይባላል። የባቡሩ ስብርባሪ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ወንዙ ውስጥ ቆይቶ፣ ብረት ሲፈለግ ተነሥቶ ሄደ።

ይህን ያህል የተደከመበት ፊልም እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ ሲታይ ግን አልቀናውም። ሐያስያን ነቀፉት፤ ገቢውም የታሰበውን ያህል አልሆነም። ኪተን በ1928 ከኤምጂኤም ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ እንደ ልቡ የመሥራት ነጻነቱን አጣ። በ1927 መጨረሻ የድምፅ ፊልም መጥቶ ስለነበር ድምፅ አልባው ሁሉ አሮጌ ዕቃ ተባለ።

ለምን ጠፉ?

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት የጥፋቱን መጠን በቁጥር አስቀምጦታል። ከ1912 እስከ 1929 ባለው ጊዜ ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በአሜሪካ ለዕይታ በቅተዋል። ከእነዚህ ውስጥ በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት 14 ከመቶ ብቻ ናቸው። 70 ከመቶ ያህሉ ጨርሰው ጠፍተዋል። የዓለም ባለጠጋ የፊልም ኢንዱስትሪ ከሠራው ሥራ አብዛኛውን አጥቷል ማለት ነው።

አንደኛው ምክንያት ንግድ ነው። አንድ ፊልም በየከተማው ዞሮ ገቢው ሲያልቅ ኩባንያው ማስቀመጫ ቤት፣ ጠባቂና ኪራይ የሚጠይቅ ዕዳ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን አቅልጦ መሸጥ ከማስቀመጥ ይሻል ነበር፤ ብዙ ቅጂዎች ሆን ተብለው ለዚሁ ተቃጠሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የፊልሙ ጠባይ ነው። የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው ሴሉሎስ ናይትሬት ከሚባል ነገር ሲሆን፣ ከባሩድ ጋር ዘመድ የሆነ፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ሲነድ ራሱ ኦክስጅን ስለሚፈጥር ውኃ አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ጀርዚ የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን ተቃጥሎ የኩባንያው ድምፅ አልባ ፊልሞች አብዛኞቹ አመድ ሆኑ። በ1943 ደግሞ የኪተን አቻ የነበረው ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ በገዛ ግቢው ያስቀመጣቸው ፊልሞች ነደዱ፤ ከቀድሞ ሥራዎቹ ብዙዎቹ ያኔ ጠፉ።

እሳት ባይነሣም ናይትሬት ከውስጥ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ቀጥሎ ፊልሙ ይጣበቃል፤ አረፋ ያወጣል፤ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በኋላ ናይትሬትን የተካው አሲቴት የሚባለው ፊልም በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ እሱም ግን ሲበላሽ ይኮማተራል፣ ኃይለኛ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል። ሁለቱንም የሚያፋጥናቸው ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ስለዚህም ታላላቅ የፊልም ቤተ መዛግብት ናይትሬትን በጥቂት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜና በደረቅ አየር ያኖሩታል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በበጋ የምትነድ፣ በክረምት የምትረጥብ ከተማ ናት። ማንኛውም ፊልም፣ ካሴትም ሆነ የወረቀት ፎቶግራፍ፣ ጥንቃቄ ካልተደረገለት እዚህ ከአዲስ አበባ ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል። ይህ የምንኖርበት እውነት ነውና ሥራችንን ከዚሁ እንጀምር።

የዳር ከተሞች ያተረፉት

አሁን ወደ ተረፉት ልለፍ። አንድ የፊልም ቅጂ ከሆሊውድ ተነሥቶ በየከተማው እየታየ ይሄድና የመጨረሻዋ ከተማ ላይ ሲደርስ ለመመለስ የሚያስወጣው የጭነት ዋጋ ከፊልሙ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ እዚያው ይቀራል። ባለቤቶቹ ያጠፉትን ብዙ ፊልም ያተረፉት እነዚህ መስመሩ የሚያበቃባቸው ከተሞች ናቸው።

በካናዳ ሰሜን ምዕራብ ዶውሰን ሲቲ የምትባል የወርቅ ቆፋሪዎች ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያ ግንባታ ሲቆፈር ከ500 በላይ የፊልም ጥቅልሎች ከመሬት ውስጥ ወጡ። ከብዙ ዓመታት በፊት የድሮ መዋኛ ገንዳ ሲሞላ አብረው የተቀበሩ ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚኖረው አፈር ጠበቃቸው። በ2009 ደግሞ በኒው ዚላንድ የፊልም ቤተ መዛግብት 75 ገደማ የአሜሪካ ፊልሞች ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ጆን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1927 የሠራው፣ ጠፍቷል ተብሎ የነበረው «አፕስትሪም» የተባለ የመድረክ ተዋንያንን ሕይወት የሚያሳይ አስቂኝ ፊልም ይገኛል። ከሆሊውድ መጋዘን የጠፋው ፊልም ውቅያኖስ ተሻግሮ ተገኘ።

ስለ ዳር ከተማ ለጋምቤላ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1902ቱ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል በኋላ ይህች ከተማ ከካርቱም የሚነሣው መርከብ የመጨረሻ ወደብ ነበረች። ባሮ ሲሞላ መርከቡ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል፤ ውኃው ሳይጎድል መውጣት ግዴታው ነበር። ያልተመለሰ ዕቃ እዚሁ ይቀራል። እንዲህ ባለች ከተማ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ሳያዩ «እዚህ ምን ይኖራል» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

የኪተን ፊልሞችም አንዱ መጠጊያቸው የግል ቤት ነበር። ኪተን በፍቺ ምክንያት ያጣውን የቤቨርሊ ሂልስ መኖሪያ በኋላ የገዛው እንግሊዛዊው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን፣ ግቢው ውስጥ የኪተንን አሮጌ ፊልሞች አገኘ። ሊጥላቸው ይችል ነበር፤ አልጣላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኪተን ከፊልም ሰብሳቢው ሬይመንድ ሮሃወር ጋር ሆኖ ሥራዎቹን ወደማይቀጣጠል ፊልም ማስገልበጥ ጀመረ። በ1965 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ታዳሚው ቆሞ አጨበጨበለት፤ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። በ1989 አሜሪካ በሕግ የሚጠበቁ ብሔራዊ ፊልሞቿን መመዝገብ ስትጀምር፣ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት 25 ፊልሞች አንዱ ያ ያልቀናው «ጄኔራሉ» ሆነ። አንድ ትውልድ የናቀውን ሌላው ትውልድ ሊያከብር የቻለው ቅጂው ስለቆየለት ነው።

እድሳት ምን ማለት ነው?

እድሳት ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ጭረት ማጥፋት ይመስለዋል። እሱ መጨረሻው ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ፍለጋ ነው፤ በየአገሩ ያሉት ቅጂዎች ይሰበሰባሉ። ቀጥሎ ጎን ለጎን ተደርገው ይመረመራሉ፤ በአንዱ የጎደለው ትዕይንት ከሌላው ይሞላል። በድምፅ አልባው ዘመን ብዙ ጊዜ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ይቆም ነበር፤ የአንዱ ኔጋቲቭ ለአሜሪካ፣ የሌላው ለውጭ አገር። ስለዚህ የአንድ ፊልም ሁለት ቅጂዎች በጥቂቱ የተለያየ ማዕዘን ሊኖራቸው ይችላል፤ አዳሹ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት አለበት።

ከዚያ የተቀደደው በእጅ ይጠገናል፣ ይታጠባል፣ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጠላ ምስል፣ ስካን ይደረጋል። ፍጥነቱም ይስተካከላል። ድሮ ካሜራው በእጅ ስለሚዞር በሰከንድ የሚነሡት ፍሬሞች ቁጥር ከዛሬው 24 ያነሰ ነበር። በዛሬው ፍጥነት ሲታይ ሰዎቹ የሚሯሯጡ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። በጣሊያን የቦሎኛ ሲኔማቴክ የተባለው የፊልም ቤተ መዛግብት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኪተንን ፊልሞች በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ሲያድስ ቆይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር መናገር ይገባኛል። «ጄኔራሉ» ጀግናውን ያሰለፈው ባርነትን ለማቆየት ከተዋጋው ከደቡቡ ጦር ጋር ነው። እውነተኛውን ታሪክ የጻፈው ሰው የሰሜን ወታደር ነበር፤ ኪተን ግን ገልብጦ ከደቡብ ወገን ተረከው። ባቡሩ የሚሮጥበት ምድር በባሮች ላብ የበለጸገ ምድር ነው፤ ፊልሙ ይህን አይናገርም። የባሪያ ንግድ መከራ በደረሰበት በዚህ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ይህን ሳያነሡ ማለፍ ተገቢ አይደለም። መጠበቅ ማለት ሁሉን ማሞገስ አይደለም። የተጠበቀ ፊልም ሊመረመር፣ ሊተች፣ ሊከሰስም ይችላል፤ የጠፋ ፊልም ግን ለምስጋናም ለወቀሳም አይገኝም።

የእኛ ምስሎች

ኢትዮጵያም የምትጠብቀው የፊልም ሀብት አላት። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ነው፤ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ» ከአብዮቱ ዋዜማ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ፊልም የቀረጸው በአብዮቱ ጊዜ ነው። የኃይሌ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ እንደገና ለዓለም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ፋውንዴሽን፣ የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ፌዴሬሽንና ዩኔስኮ 50 የአፍሪካ ፊልሞችን ለመታደግ የአፍሪካ የፊልም ቅርስ ፕሮጀክትን ጀምረዋል። መንገዱ ተከፍቷል፤ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ወደ ጋምቤላ ስንመጣ አንድ ፊልም በተለይ መነሣት አለበት። ሂላሪ ሃሪስና ጆርጅ ብራይደንባክ፣ ሮበርት ጋርድነር እያገዛቸው፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥናት ማዕከል በኩል «ኑዌሮቹ» የተባለ ባለ ቀለም ዘጋቢ ፊልም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ሲሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ይረዝማል። የተቀረጸው በኢትዮጵያ ድንበር ውስጥ ባለችው ቺየንጋች በምትባል የኑዌር መንደር ነው። ከብቶቹ፣ የጥሎሽ ከብት ክርክሩ፣ ልጆች ወንድ የሚሆኑበት የጋር ሥርዓት ሁሉ ተቀርጿል። በዚያ ፊልም ሕፃን ሆነው የታዩት ዛሬ አያት ሆነዋል። የአኙዋ አባቶችና እናቶች ፎቶግራፎችም በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም አሉ፤ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያነሣቸው ናቸው።

ባዕዳን ቀርጸውታልና አያስፈልገንም የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀራጩ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ሊነግረው የሚችለው የተቀረጸው ሕዝብ ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ሽማግሌ ማን እንደሆነ፣ የየትኛው ጎሣ ሰው እንደሆነ፣ ዘፈኑ ስለ ምን እንደሚል፣ በሬው በምን ስም እንደሚጠራ የሚያውቀው ሰው የሚገኘው በሃርቫርድ አይደለም፤ እዚህ ነው። እነዚያ አዋቂዎች በሕይወት ሳሉ ፊልሙን አይተው ካልተናገሩ፣ ምስሉ ቢቆይም ትርጉሙ ይጠፋል።

ከእጃችን የሚጀምር ሥራ

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው በየቤታችን ነው። ከሠላሳና ከሃያ ዓመት በፊት የተቀረጹ የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የስብሰባና የበዓል ካሴቶች ያላችሁ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሚገኝ ቆጥ አውርዷቸው፤ የቤቱ ሞቃት ቦታ እሱ ነው። አቁማችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ቦታ አኑሯቸው። ሻጋታ ያያችሁበትን ካሴት ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡ፤ ማጫወቻውንም ሌላውንም ካሴት ያበላሻል። ማጫወቻው ራሱ ከገበያ እየጠፋ ስለሆነ ወደ ዲጂታል ማስገልበጡን አታሳድሩት። ከተገለበጠ በኋላ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ቤት፣ ሁለተኛው በሌላ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ። በየቅጂው ላይ ዓመተ ምሕረቱ፣ ቦታውና የሰዎቹ ስም ይጻፍ። ስም የሌለው ምስል ለልጅ ልጅ የማያውቀው ሰው ምስል ነው።

ሁለተኛው ለክልላችን ባህል፣ ትምህርትና ብዙኃን መገናኛ ተቋማት ነው። ለዜና ተቀርጾ የተላለፈው ሁሉ የዚህ ሕዝብ መዝገብ ነው። ማከማቻ ሞላ ተብሎ የሚጠፋ ቀረጻ የድሮዎቹ ኩባንያዎች የብር ማዕድን ለማቅለጥ ካቃጠሉት ፊልም አይለይም። የሚሰረዘውንና የሚቆየውን የሚወስን በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ ያስፈልጋል፤ አንድ ቅጂም ቀዝቃዛ አየር ወዳለበት፣ አዲስ አበባ ወዳለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢሄድ መልካም ነው።

ሦስተኛው የሁላችንም ነው። «ኑዌሮቹ»ን፣ የኦክስፎርዱን ፎቶግራፎችና መሰሎቻቸውን ከያዟቸው ተቋማት በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ዲጂታል ቅጂያቸው ጋምቤላ ይቀመጥ። ቅጂው ሲመጣ በየወረዳው ለሽማግሌዎች ይታይ፤ የሚሉትም በኑዌርኛና በአኙዋኛ ተቀድቶ ከፊልሙ ጋር አብሮ ይቀመጥ። ይህ ሲሆን ከባዕድ እጅ የወጣው ሥራ የባለቤቱን ድምፅ ያገኛል።

የኪተን ፊልም ያልተሳካለት ተብሎ ተጥሎ ነበር። ያዳኑት ከጥቅሙ ይልቅ ዋጋውን ያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቤት ገዝቶ ያገኘውን አልጣለም፤ ሌላው ፊልም ሰብስቧል፤ ሌሎች በየአገሩ ያሉትን ቅጂዎች ፈልገው አገጣጥመዋል። ከእነዚህ ሥራዎች ለጋምቤላ ሰው የሚከብድ የለም። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የየቤታችሁን ካሴትና ፎቶግራፍ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩ፤ ስም የሌለውን ስም ጻፉበት፤ የሚያውቁት ሽማግሌ ካሉ ሳትዘገዩ ሄዳችሁ ጠይቁ።